ባንድ ጣት የሚነሳ

በአልማቲ ከተማ፣ ተራራው ላይ ወዳለው ሜዴው በሚያወጣው ዳገት ግርጌ፣ የጆማርት ብስክሌት መሸጫ አለች። አንድ ሽማግሌ ቅዳሜ ቅዳሜ ይመጣሉ። ሰንሰለቱ እንዳይበላባቸው የሱሪያቸውን የቀኝ እግር ጫፍ በልብስ መቆንጠጫ ይይዙታል፤ ግን ያንን አብሯቸው ያረጀ የብረት ብስክሌት እየገፉ እንጂ ተቀምጠውበት ሲመጡ ጆማርት አይቶ አያውቅም። በር ላይ ያስደግፉትና ትንፋሻቸው እስኪመለስ ይቆማሉ። ከዚያ ገብተው ከካርቦን የተሠራውን ርካሹን የቻይና ብስክሌት ባንድ ጣት ብድግ ያደርጉታል።

«ወይ ጉድ! ከዚህስ ዶሮ ይከብዳል» ይሉና አስቀምጠውት ይሄዳሉ።

ዛሬ ግን ወንበር ጠየቁ።

«እውነቱን ንገረኝ፣ ልጄ። ያ ከዶሮ የሚቀለው ያዋጣል?»

ጆማርት እሳቸውን መዋሸት አልሆነለትም። «ጋሼ፣ የካርቦን ነገር ክፉ ነው። ቀለሙ ሳይጫር ውስጡ ይሰነጠቃል» አለና የብስክሌቱን አጥንት በሳንቲም እያንኳኳ ጆሮውን አስጠጋ።

ሽማግሌው ደረታቸውን ዳበስ አደረጉ። «ሐኪሞቹም ሰሞኑን እኔን እንዲሁ ሲያንኳኩኝ ነበር።»

«ታዲያ ምን አሉ?»

«ቀለምህስ ደህና ነው አሉኝ።»

ጆማርት ሳቀ። ብቻውን እንደሚስቅ ሲያውቅ አፉን ያዘ።

«ስንት ዓመት ይሄዳል?» አሉ።

«ካልወደቁበት አራት፣ ቢበዛ አምስት። ከዚያ በላይ የሚሄድ ከፈለጉ ግን ትንሽ ጨምረው ያንን…»

ሽማግሌው የጠቆማቸውን ብስክሌት ዞረው እንኳ አላዩም። ጎንበስ ብለው መቆንጠጫቸውን አጠበቁ።

«ኮርቻውን ዝቅ አርግልኝ» አሉ። «አራት ዓመቱም ይተርፈኛል።»