ልስን ያልያዘው ድንጋይ

ሙሀሲን ጭቃ የሚፈትነው በጣቱ ነው። ማታ በውሃ የዘፈዘፈውን ከሳፋው ቆንጥሮ በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ መሃል ያሸዋል። ከኮረኮረው አሸዋ በዝቶበታል፤ ተጣብቆ አልላቀቅ ካለው መረሬ አፈሩ በዝቷል። የዛሬው ልክ ነው። የጤፍ ጭድ በእፍኝ እየበተነ በእጁ ያቦካዋል፤ ይህችን ለምታህል ቦታ በእግር መርገጥ አያስፈልግም። ግድግዳውን በእርጥብ ጨርቅ ያረጥባል። የመጀመሪያውን እፍኝ አይቀባም፣ ይወረውራል፤ የተወረወረ ጭቃ ከሥሩ አየር አይቋጥርም። ሁለተኛውን በመዳፉ ወደ ላይ ይገፋል። ሦስተኛውን በግንበኛ ማንኪያ ይስባል። በመጨረሻ ማንኪያውን አስቀምጦ የእጁን ጀርባ ውሃ ነክሮ ያለሰልሰዋል። ለማለስለስ ከእጅ ጀርባ የተሻለ መሣሪያ እስከዛሬ አላገኘም።

ይህን ሁሉ የሠራው ቅዳሜ ማለዳ፣ በርጩማ ላይ ቆሞ፣ ከሳሎኑ ወደ ጓዳ ከሚያስገባው በር በላይ ነው።

«ዘንድሮ አምስተኛህ ነው» አለችው ሚስቱ ፈሪሃ፣ ከታች በርጩማውን ይዛለት።

«አራተኛዬ ነው።»

«እበት ቀላቅልበት ስልህ አትሰማ።»

«እዚያ ላይ እበት? አስተግፊሩላህ!»

«እንግዲያ በመሮ ወቀር ወቀር አድርገውና ይያዝልህ።»

«ግንበኛው ማን ነው? እኔ ነኝ አንቺ?»

«የግንበኛ ቤትማ ልስኑ እንግዳ ላይ አይረግፍም።»

በእበቱም በመሮውም ልክ ናት። ከልስኑ ሥር ያለው ከበሩ በላይ የተጋደመው ጉበን ነው፤ ግድግዳውንና የጣሪያውን ዋና አግዳሚ የተሸከመ ረጅም ጥርብ ድንጋይ። ፊቱ ለስላሳ ነው፤ ለስላሳ ድንጋይ ደግሞ ካልተወቀረ ወይ ጭቃው በእበት ካልጠበቀ ልስን አይዝም። ይህን ትናንት ሥራ የጀመረ ሰውም ያውቃል። ነገር ግን በዚህ ድንጋይ ፊት ላይ በዓረብኛ ፊደል የተቀረጸ ጽሑፍ አለ። መጀመሪያው ቢስሚላህ ነው፣ ቀሪውን ዝናብ በልቶታል። ሙሀሲን በአላህ ስም ላይ መሮ አያሳርፍም፣ እበትም አይቀባም። አፈር ግን ንጹሕ ነው፣ ውሃ ሲጠፋ ለሶላት የምንጸዳበት ነው ብሎ ራሱን አሳምኗል። ስለዚህ በየሁለት ወሩ ይለስናል፤ በየሁለት ወሩ ይረግፋል።

ድንጋዩ የእሱ አይደለም። ከቤቱ በላይ የግማሽ ሰዓት ዳገት ወጥተው ከሚያገኙት ከጥንቱ መስጂድ ፍርስራሽ የመጣ ነው። አጣዬ በተቃጠለችበት ሰሞን የሙሀሲንም ቤት ነዶ ነበር። ክረምት ሊገባ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል፤ ልጆቹ ሸራ ሥር ናቸው፤ ቀጥ ያለ እንጨት በአገሩ ጠፍቷል። ያኔ ከፍርስራሹ ደጅ ሣር ውስጥ ወድቆ የኖረውን ይህን ድንጋይ ከጎረቤቱ ከተክሌና ከሌሎች ሁለት ሰዎች ጋር በአጠና ተሸክመው አወረዱት። «ወድቆ ነው ያገኘሁት» ይላል ለራሱ። ሁሉም ቤቱን የሚያቆምበት ጊዜ ስለነበር የጠየቀው አልነበረም።

ዓመት ሳይሞላ የሰፈሩ ሽማግሌዎች የፍርስራሹ ጠባቂና ጠጋኝ ይሁንልን ብለው የግቢውን ቁልፍ ሰጡት። ድንጋይ የሚያውቅ ሰው እሱ ነው። እምቢ ቢል ለምን ይሉታል፤ እሺ አለ። የተናደውን ካብ በእጁ መልሶ ካበ፣ የደጁን ግራና ቀኝ መቃን አቆመ። በመቃኖቹ ላይ የሚጋደመው ግን የለም። ሽማግሌዎቹ በመጡ ቁጥር «ጉበኑ ቢገኝ ኖሮ በሩ ይሞላ ነበር» ይላሉ፤ ሙሀሲንም «ቢገኝማ» ይላል።

ሊመልሰው ሳያስብ ቀርቶ አይደለም። ከሁለት ዓመት በፊት ፌሮ አስሮ፣ ሲሚንቶ ሞልቶ፣ በልኩ የአርማታ ጉበን ሠርቷል። ጓሮ፣ ማንጎው ሥር፣ በማዳበሪያ ከረጢት ተሸፍኖ ተጋድሟል፤ ልጆቹ እግራቸውን ሲታጠቡ ይቀመጡበታል። የቀረው አሮጌውን ማውጣት ነው። ለዚያ ከበሩ በላይ ያለውን ግድግዳ በሁለት የከባድ መኪና ክሪክ ደግፎ ማንሳት ያስፈልጋል። ክሪክ ለመዋስ ደግሞ ለምን እንደሆነ መናገር ያስፈልጋል። ሐሳቡ ሁልጊዜ እዚህ ላይ ሲደርስ ይቆማል።

ሦስት ሰዓት ላይ የካሳሁን ሚኒባስ ደረሰ። ካሳሁን የሸዋ ሮቢት ልጅ ነው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ከአዲስ አበባና ከደብረ ብርሃን እንግዳ ሰብስቦ ያመጣል። ጠዋት ፍርስራሹን ያያሉ፣ ቀትር ላይ በሙሀሲን ቤት ምሳ ይበላሉ፣ ከሰዓት በዘነበች ጓሮ ወይን ጠጅ ይቀምሳሉ። ዘነበች የተክሌ ሚስት ናት፤ አሥራ አራት እግር ወይን በመስኖ ታለማለች፣ ራሷ ጨምቃ ራሷ ትጥላለች። ምሳው ላይ ሥጋ የለም። ሙሀሲን ያረደውን ክርስቲያኑ እንግዳ አይበላም፣ ተክሌ ያረደውን ፈሪሃ ቤቷ አታስገባም። የማሾ ወጥ ግን ከማንም አይጣላም።

ፍርስራሹ ደጅ ላይ ሙሀሲን የዘወትር ማሳሰቢያውን ተናገረ፦

«ጠጠርም ብትሆን አትነሳም። ይህን ቦታ ያፈረሰው ዘመን ብቻ አይደለም። እኛም ለካብ፣ ለቤት እያልን ወስደናል።»

«እኛም» ሲል ሁልጊዜ መሬት መሬት ያያል።

ከእንግዶቹ አንዷ ወደኋላ ቀረች። ፍሬሕይወት ትባላለች፤ ጡረታ የወጣች መምህርት ናት። ከቦርሳዋ አንድ ጥቁርና ነጭ ፎቶ አወጣች። «ጋሽ ሙሀሲን፣ ይህችን ይዩልኝ። አባቴ መንገድ ቀያሽ ነበር። ይህች ልጅ እኔ ነኝ።»

ሰባት ዓመት የማይሞላት ልጅ በዚሁ ደጅ መሃል ቆማለች። ከራሷ በላይ ጽሑፍ ያለበት ድንጋይ ተጋድሟል።

«እዚሁ ቆሜ ፎቶ ልነሳ ነበር የመጣሁት። ድንጋዩስ?»

«ወደቀ።» ይህ እውነት ነው።

«ከወደቀ በኋላስ?»

«ብዙ ነገር የጠፋበት ጊዜ ነበር፣ እትዬ።» ይህም እውነት ነው። ሙሀሲን ፎቶውን ሲመልስ ጣቱ ላይ የቀረው የማለዳው ጭቃ ጠርዙ ላይ አሻራ ተወበት።

ቀትር ላይ እንግዶቹ ገቡ። ሙሀሲን ፍሬሕይወትን ጀርባዋን ለጓዳው በር ሰጥታ እንድትቀመጥ ወንበር ሳበላት።

«ኧረ ጋሽ ሙሀሲን፣ ትልቅ ሰው እንዲህ ጥግ ይቀመጣል?» አለ ካሳሁን፤ ወንበሩን አንስቶ ከበሩ ፊት ለፊት አደረገው።

የይፋት ቆላ ቀትር ለእርጥብ ልስን ጠላት ነው። ላዩ ፈጥኖ ይደርቃል፣ ውስጡ ይቀራል፣ ከዚያ ይኮማተራል። እንጀራው ሲዘረጋ በቀኝ ጠርዙ ላይ እንደ ፀጉር የቀጠነች ስንጥቅ አየ። ወጡ ሲጨለፍ ስንጥቋ መሃል ደርሳለች። ጠርዙ ተነሳ። ጠርዙ ከተነሳ ብዙ እንደማይቆይ ያውቃል። ከመቀመጫው ተነስቶ የፓፓያ ሳህን ይዞ በሩ ሥር ቆመ፤ ቁመቱ ረጅም ነው፣ ትንሽ ይጋርዳል።

«እለፍልኛ!» አለች ፈሪሃ፣ ከጓዳ የወጥ ድስት ይዛ።

«በኋላ።»

«ወጡ በኋላ ነው የሚበላው?»

«ፈሪሃ፣ በኋላ አልኩሽ።»

እንግዶቹ ቀና ብለው አዩ፤ ባልና ሚስት በር ላይ ሲጋፉ ማየት የማያስቀው የለም። እሷ መውጣት አልቻለችም፣ እሱም መንቀሳቀስ አልቻለም። ያኔ እንጀራ የሚያህል ልስን ተገንጥሎ ትከሻው ላይ አረፈ፤ ግማሹ ፓፓያው ውስጥ ገባ።

«ቤቱም ሊመርቀን ነው!» አለ ካሳሁን፤ ሁሉም ሳቁ። ፍሬሕይወት አልሳቀችም። ዓይኗ ከበሩ በላይ በተገለጠው ጽሑፍ ላይ ነበር። ከዚያ ቦርሳዋን ከፍታ ፎቶውን አየችና ዘጋች፤ እንጀራዋን ቆርሳ ጎረሰች።

ከምሳ በኋላ ሁሉም ወደ ዘነበች ጓሮ ተሻገሩ። ሙሀሲን እንደ ልማዱ ከአጥሩ ወዲህ፣ በራሱ ማንጎ ሥር ሚሪንዳውን ይዞ ተቀመጠ። የዘነበች ድምፅ ይሰማዋል።

«ይሄ የዘንድሮው ነው፣ ይሄ ዓመት የሞላው፣ ይሄ ማር የገባበት። ቀስ በሉ እንጂ! የቆላ ፀሐይ አንዱን መለኪያ ሁለት ያደርገዋል። አንተ ባለ ባርኔጣው፣ ቅመስ ነው ያልኩህ፣ ጨርስ አላልኩህም!»

ፍሬሕይወት ወደ አጥሩ መጣች። መለኪያዋን በዘነበች በኩል ካለው ግንድ ላይ አስቀምጣ ባዶ እጇን ተሻገረች፤ ከረጢት የለበሰው አርማታ ላይ ተቀመጠች።

«አባቴ አንስቶኝ ያንን ጽሑፍ በጣቴ ነክቼዋለሁ» አለች።

«ይናገሩ፣ እትዬ። መብትዎ ነው።»

«እኔ ምን ልናገር? አውጥተው ይመልሱታ።»

«ጣሪያው እሱ ላይ ነው ያለው። ዝም ብሎ ቢወጣ ቤቱ ይወርዳል። የተቀመጡበት ተተኪው ነው።»

ብድግ ብላ ከረጢቱን ገለጠች። «ጨርሰውታል እኮ!»

«ጨርሻለሁ።»

«ታዲያ ምን ይጠብቃሉ?»

ከመመለሱ በፊት ካሳሁን ከአጥሩ ማዶ ብቅ አለ። ሁሉንም ሰምቷል፤ ፊቱ በርቷል። «አይወጣም! በፍጹም አይወጣም! ከዛሬ ጀምሮ ልስን የሚባል ነገር የለም። ምሳ ከጥንቱ ድንጋይ ሥር! ዳገት የማይወጡት አዛውንትም ይመጡልናል። ጋሽ ሙሀሲን፣ ፍርስራሹን ቤትዎ ድረስ አምጥተውልኛል እኮ!»

ሙሀሲን ለአፍታ ደስ አለው። መደበቅ ቀረ፣ ማለዳ ተነስቶ ጭቃ ማሸት ቀረ። ወዲያው ግን የሚመጡት ቅዳሜዎች ታዩት፤ እንግዳ እየገባ፣ ቀና እያለ፣ ፎቶ እያነሳ። እንግዳ የለመደበትን ድንጋይ ማን ያወጣዋል? ልጆቹም ከተወሰደው ድንጋይ ሥር እንደኖሩ ይቀራሉ።

ተነስቶ አጥሩ ጋ ቆመ። «ስሙኝ። ጠዋት ጠጠር አታንሱ ብያችኋለሁ። ምሳ የበላችሁበት ቤት በር ላይ ያለው ድንጋይ ከዚያው የመጣ ነው። ያወረድኩት እኔ ነኝ።»

መለኪያዎች በያሉበት ቆሙ።

«ብቻህን አትጠቅልለው!» አለች ዘነበች። «ተክሌም ነበረበት። ወር ሙሉ ትከሻውን በቅቤ ያሸሁት እኔ ነኝ!»

የሳቀ ሳቀ። ካሳሁን ግን መለኪያውን አስቀመጠ።

ከተሲያቱ የአስር ሶላት በኋላ ሙሀሲን ከሽማግሌዎቹ ታላቅ ወደ ሆኑት ወደ ሸህ ከቢር ሄደ። ሁሉንም ነገራቸው።

«ድንጋዩን ያወረዳችሁት ቀን እኔ ደጅ ላይ ነው ያረፋችሁት» አሉ አዛውንቱ። «ውሃ ያጠጣኋችሁ እኔ ነኝ። ረሳኸው?»

«ታዲያ ያኔ ያላወቁት መስሎኝ...»

«መቼ ትናገር ይሆን እያልኩ ስጠብቅ ነው የኖርኩት። በል፣ ድንጋዩ እስኪመለስ ቁልፉ እዚህ ይቆይ።»

ቁልፉን ከአንገቱ አውልቆ ሰጣቸው። አሁን እንግዶቹን ወደ ፍርስራሹ የሚያወጣው ሌላ ሰው ነው።

ይህ ከሆነ አምስት ሳምንት አለፈው። ሙሀሲን የቀረውን ልስን ሁሉ አራግፎ ድንጋዩን በእርጥብ ጨርቅ ወልውሎታል። በሩን ግራና ቀኝ በስድስት አጠና ደግፎታል፤ ሳሎኑ የአጠና ጫካ ሆኗል። ፈሪሃ ጓዳ የምትገባው ጎኗን ሰጥታ፣ ድስቱን ከራሷ በላይ ይዛ ነው። ምሳው ማንጎው ሥር ወጥቷል። ፍሬሕይወት የተወችለት ፎቶ ድንጋዩ አጠገብ ተለጥፏል፤ የትኛው ጎን ወደ ላይ፣ የትኛው ፊት ወደ ደጅ እንደነበረ የሚያሳየው እሱ ብቻ ነው። ሙሀሲን አውራ ጎዳናው ላይ ወዳለችው ጀውሃ ወርዶ ሾፌሮችን ጠይቋል፤ የማያዝን የለም፣ ክሪኩን ትቶ የሚሄድ ግን የለም።

ይህን ለምታነቡ እንዲህ ይላል፦ «በጀውሃ የምታልፉ የከባድ መኪና ሾፌሮች፣ ሁለት የአሥር ቶን ክሪክ ነው የምፈልገው። ትታችሁልኝ ሂዱ አልልም፤ ያለ ክሪክ መንገድ እንደማይወጣ አውቃለሁ። ሁለት ሆናችሁ አንድ ቀን ብቻ ቁሙልኝ። ጠዋት አንድ ሰዓት ከጀመርን ኢንሻአላህ ዘጠኝ ሰዓት ላይ አሮጌው ወጥቶ አዲሱ ገብቷል። የማሾ ወጡ ከፈሪሃ ነው። ለሸክም አታስቡ፤ ተክሌ ትከሻዬ ድኗል ብሏል። ጀውሃ ላይ የግንበኛው የሙሀሲን ቤት በሉ፣ ያሳዩዋችኋል። ክሪኩ ለምንድን ነው ብሎ የጠየቃችሁ ካለም ንገሩት፣ አትደብቁልኝ።»