የሹዪን ላንታነም

ሃዎ ዕድሜውን የፈጀው ባውቱ ከተማ፣ ምድጃ ፊት ቆሞ ላንታነም ሲያቀልጥ ነው። ላንታነም ብር የመሰለ፣ በቢላ የሚቆረጥ ለስላሳ ብረት ነው። ምን ያደርጋል፣ ዐመሉ ክፉ! አየር ሲነካው ይጠቁራል፤ ሙቅ ውሃ ሲያገኝማ አረፋ እየደፈቀ ነጭ ዱቄት ይሆናል። ስለዚህ ኑሮው ዘይት ውስጥ ነው።

ሃዎ ሹዪንን ሲያጫት አበባ አልያዘም። በእጁ ካቀለጠው ላይ የአውራ ጣት ያህል ቆርጦ፣ ዘይት በሞላ ብልቃጥ ሰጣት። እሷም "የሰው ባል አበባ ያመጣል፣ የእኔው ብረት!" እያለች ስትስቅበት ኖረች። ታማ ስትተኛ ግን፣

"ስቀበር ብረቱን ከዘይቱ አውጥተህ፣ እያበራ ሳለ መዳፌ ላይ አድርግልኝ" አለችው።

"እሺ" አላት።

ሞተች። ሃዎ አላለቀሰም። ሰው ሲመጣ ይነሣል፣ ሲሄድ ይቀመጣል። የሰጡትን ይበላል፣ ጨው ይኑረው አይኑረው አያውቅም። ልቡ ደንዝዟል። የሚያስበው ያንን "እሺ" ያለውን ቃል ብቻ ነበር።

በቀብሩ ዕለት ማለዳ ልጁ ጂንግዪ ደግ የሠራች መስሏት ብረቱን ከብልቃጡ አውጥታ በሙቅ ውሃ ዘፈዘፈችው። ሃዎ ሲደርስ ብረቱ ኖራ የተለቀለቀ መስሏል።

"ምን አደረግሽ አንቺ?"

"አጠብኩታ፣ አባዬ! እናቴ ከነቅባቱ ትቀበር?"

"የምድጃ ሠራተኛ ልጅ ሆነሽ፣ ላንታነም በሙቅ ውሃ?"

ጂንግዪ ማልቀስ ጀመረች።

"ኧረ ተዋት ወንድሜ!" አለ የምድጃ ጓደኛው ዱ። "ቢላ አምጡለት፣ ይፋቃል።"

ሃዎ ግቢው ውስጥ ተቀምጦ ይፍቅ ጀመር። ነጩ ሲነሣ ከሥሩ ብርማው ብቅ አለ። ሌላውን ጎን እስኪጨርስ የመጀመሪያው ይወይባል፤ አዙሮ ደግሞ ይፍቃል። ብረቱ እያለቀ ሄዶ ባቄላ አከለ።

አጠገቡ ሬሳ ሣጥኑ ተከፍቷል። ክዳኑ ከመመታቱ በፊት ቤተሰቡ በየተራ ጎንበስ እያለ የሹዪንን ፊት ለመጨረሻ ጊዜ ያያል። አናጢው መዶሻውን ይዞ ይጠብቃል።

"ሃዎ፣ አንተ ቀረህ" አለው ዱ።

"ቆይ! ትንሽ ቀረኝ።"

የመጨረሻዋን ልጣጭ አነሣ። ብረቱ ቦግ አለ። ዘሎ ተነሥቶ መዳፏ ላይ አኖረው፣ ዓይኑን ከብረቱ ሳይነቅል።

"አሁን! ሳይጠቁር ክደኑት! ቶሎ በል እንጂ አንተ አናጢ!"

ምስማሩ ተመታ። ሃዎ እፎይ አለ።

"አብርቷል አይደል?"

"አብርቷል" አለ ዱ። "እሷስ ብትሆን! ፈገግ ያለች አልመሰለችህም?"

ሃዎ ሣጥኑን አየ፣ ምስማሮቹን አየ። ከዚያ ወደ ልጁ ዞረ።

"ጂንግዪ" አለ ቀስ ብሎ፣ "እናትሽ ምን ትመስል ነበር?"