የአንድ ቧንቧ ውሃ

ውሃ ስጪኝ ስትለኝ ቧንቧዋ የተበላሸ መስሎኝ ነበር። ባዶ የፕላስቲክ ጠርሙስ ይዛ በሬ ላይ ቆማለች። ሆላንድ አገር፣ ሄግ ከተማ፣ ሙርዋይክ የሚባል ሰፈር ውስጥ በአንድ ደረጃ የምንወጣ፣ በራችን ትይዩ የሆነ ጎረቤታሞች ነን፤ እሷ ከኢንዶኔዥያ፣ ከጃቫ፣ እኔ ከደሴ። ሰው ሁሉ ኢቡ ይላታል። በእነሱ አገር እናት የሆነችን ሴት አክብረው የሚጠሩበት ስም ነው፤ እኔም እኩያዬ ብትሆንም ኢቡ እላታለሁ።

“ያንቺ ቧንቧ ምን ሆነ?” አልኳት።

“ምንም አልሆነም። ከአንቺ ቤት መሆን ስላለበት ነው” አለችኝና ዓይኗን ሰበር አደረገች።

አልገባኝም። የእሷም የእኔም ውሃ ከምድር ቤቱ በአንድ ቧንቧ ነው ሽቅብ የሚመጣው። ባለፈው ክረምት ሲጠግኑት የሁለታችንም እኩል ነው የተቋረጠው። ቢሆንም አልመረመርኳትም። ልጇ ልታገባ ነው። ከሠርጉ በፊት ባለው ቀን ሙሽራዋን የማጠብ ወግ አላቸው፤ ሰባት ሴቶች ተራ በተራ አበባ የተነሰነሰበት ውሃ ያፈሱባታል። ውሃው ከሰባት ምንጭ መቀዳት አለበት ይላሉ። ሆላንድ ውስጥ ምንጭ ፍለጋ የሚዞር ሰው ስለሌለ ከሰባት ቤት ቧንቧ ይቀዱታል። ደስ አለኝ። የእኔ ቤት ውሃ ለሙሽራ ከተፈለገ እኔም እንደ ሰው ተቆጥሬያለሁ ማለት ነው ብዬ ጠርሙሱን እስከ አፉ ሞላሁላት።

እንዲህ ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ባሌን ስፈታ የምኖረው ሮተርዳም ዙይድ ነበር። ለምን እንደፈታሁት ለማንም አልዘረዝርም፤ ለዳኛ የነገርኩት ይበቃል። ከፍቺው በፊት ቤቴ ሰው አጥቶ አያውቅም። ከፍቺው በኋላ ጓደኞቼ አንድ በአንድ ቀሩ። ስደውል “እንግዳ አለብን” ይሉኛል፤ እኔ ታዲያ ምን ነበርኩ? ባላቸው ቤት ባለበት ሰዓት እንድመጣ አይፈልጉም። ባሎቻቸው ግን ስልክ ቁጥሬን አልረሱትም። አንዱ “ብቻሽን አይከብድሽም ወይ?” የሚል መልእክት ላከልኝ፤ ሚስቱ ባወቀች ጊዜ ከቤቷ ያራቀችው እኔን ነው። እሱን አይደለም፣ እኔን! የሌላዋ ጓደኛዬ ልጅ ኒካህ ሲደረግ ደግሞ ሂና ልቀባት እጄን ስዘረጋ እናቷ እጄን በፍቅር ያዝ አድርጋ “አንቺ አረፍ በይ፣ ደክሞሻል” አለችኝ። አልደከመኝም ነበር። በሩ አጠገብ፣ ጫማ የተከመረበት ቦታ ወንበር ሰጡኝና ሂናውን ባሏን ቀን ከሌት የምትረግም ሴት ቀባቻት። እሷ ባለትዳር ናት፣ እኔ ፈት ነኛ!

ከዚያ ሰፈር ነቅዬ ሙርዋይክ የገባሁት ማንም ላያውቀኝ ነበር። ኢቡ ግን ገና በመጀመሪያው ሳምንት ሩዝ በሳህን ይዛ መጣች። ሁለታችንም በተሰባበረ ሆላንድኛ እያወራን ተግባባን። የእሷ ባል ታሞ የሞተው ልጅቷ አፏን እንኳ ሳትፈታ ነው። ሆቴል ውስጥ አንሶላ እያጠበች ብቻዋን አሳደገቻት። በእነሱ ቋንቋ ባሏ የሞተባትም ሆነ የፈታች ሴት በአንድ ቃል ጃንዳ ነው የምትባለው። ጃንዳ ሲባል ወንዶቹ እየተያዩ እንደሚሳሳቁ፣ ሴቶቹ ደግሞ ባሎቻቸውን ጠጋ እንደሚሉ ነግራኛለች። አንድ ቀን ዝናብ ሲጥል አንድ ያገሯ ሰው በመኪናው አደረሳት፤ የሰውየው ሚስት እስካሁን አታናግራትም። እኔስ እሺ፣ ፈታሁ፤ እጄን አንስቼ በቃኝ አልኩ። እሷ ምን አደረገች? ባሏ ሞተባት እንጂ!

ጠርሙሱን በሞላሁላት ማግስት አምስተርዳም አጠገብ ወዳለችው አምስተልቨን ሄድን። የኢቡ ሟች ባል ታላቅ እህት፣ የሙሽራዋ አክስት፣ እዚያ ጓሮ ያለው ቤት አላት፤ ወጉ የሚፈጸመው በእሷ ቤት፣ በእሷ ትእዛዝ ነው። ረጋ ያለች፣ ድምፅዋ የለሰለሰ ሴትዮ ናት። ገና ከበር እቅፍ አድርጋ ሳመችኝ። ክፉ ሴት ብትሆን ይሻለኝ ነበር፤ ክፉ ሰው ሲበድል አይገርምም።

ሙሽራዋ ጓሮው መሃል በርጩማ ላይ፣ ከደረቷ ጀምሮ ጨርቅ አገልድማ፣ ትከሻዋ ላይ በክር የተሰካ ነጭ አበባ ደርባ ተቀምጣለች። አጠገቧ ትልቅ ገንዳ አለ፤ የሰባቱ ቤት ውሃ ተቀላቅሎበታል። ስድስት ሴቶች ከኮኮናት ቅርፊት በተሠራ መቅጃ እየቀዱ፣ እየመረቁ አፈሰሱባት። ኢቡ ግን ወጥ ቤቱ በር ላይ ፎጣ ታቅፋ ቆማለች፤ እንደ ተቀጣሪ። መቼ ነው የምትጠጋው ብዬ ጠበቅሁ። ቢቸግረኝ አክስትየዋን “እናቷ የመጨረሻዋ ናት?” አልኳት።

“እሷማ አታፈስም” አለችኝ፣ ለልጅ እንደሚያስረዳ ሰው ቀስ ብላ። “ባል የሌላት ሴት ካፈሰሰች ክፉ ዕድሏ ወደ ሙሽራዋ ይጋባል። ውሃውን እንኳ ትዳር ካለበት ቤት ብቻ ነው ያስመጣነው። ሰባተኛዋ ስለታመመች አንቺ ነሽ የምትተኪያት። ባልሽ መርከብ ላይ እንደሚሠራ ኢቡ ነግራናለች። እንዲያ ርቆ መክረሙ ሳይከብድሽ አይቀርም።” መቅጃውን እጄ ላይ አስቀመጠችው።

መርከብ ላይ የሚሠራ ባል! ወደ ኢቡ ዞርኩ። ፎጣውን ጨብጣ በዓይኗ ትለምነኛለች፤ ጭንቅላቷን በትንሹ ነቀነቀች። ዝም በይ ማለቷ ነው። የጠርሙሱ ነገር ያን ጊዜ ገባኝና ደሜ ፈላ። እኔ እንጀራዬ ሰው ማጠብ ነው፤ በየቤቱ እየዞርኩ አቅም ያነሳቸውን ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ገላቸውን አጥባለሁ። ውሃው ሞቀ፣ ውሃው ቀዘቀዘ ብሎ የተቆጣኝ አለ። ባል አለሽ ወይ ብሎ ገላውን የከለከለኝ ግን አንድም የለም።

“ባል የለኝም” አልኩ፣ ሁሉም እንዲሰማ። “መርከብ ላይም የለኝ፣ ምድር ላይም የለኝ። ፈትቻለሁ። ጃንዳ ነኝ።”

በስልኳ ስትቀርጽ የነበረችው ሴት ስልኳን ዝቅ አደረገች። አክስትየዋ ፈገግታዋ ሳይጠፋ መቅጃውን ልትቀበለኝ እጇን ዘረጋች። አልሰጠኋትም።

“ይቆዩ እንጂ” አልኳት፤ ታላቄ ናትና ተናድጄም አንቱታዬን አልነፈግኋትም። “የእኔ ቤት ውሃና የእናቷ ቤት ውሃ በአንድ ቧንቧ ነው የሚመጣው። ይኸው ገንዳው ውስጥ ተቀላቅሎ ስድስት ሴት አፍስሶባታል። የሚጋባ ነገር ካለ እስካሁን ተጋብቷል! ይልቅ እናቷ ትምጣ። ይህችን ልጅ ከሕፃንነቷ ጀምሮ ያጠባት ማን ነው? እርስዎ ነዎት? ያኔ ለማጠብ ተራ የያዘ ሰው ነበር?”

መቅጃውን ወደ ኢቡ ዘረጋሁ። “ነይ” አልኳት።

አልመጣችም። ሁለቱንም እጆቿን ፎጣው ውስጥ ደበቀች። “በልጄ ላይ አይሆንም” አለች፣ “በልጄ ላይ አይሆንም።” ሙሽራዋ ውሃው ከፀጉሯ እየወረደ አንዴ እናቷን፣ አንዴ አክስቷን ታያለች። አምስተርዳም ውስጥ ትልቅ ቢሮ የምትሠራ፣ አለቃዋን ፊት ለፊት የምትሞግት ልጅ ናት። አንገቷን ደፋች።

አክስትየዋ አልጮኸችም። ገንዳው እንዲደፋ አዘዘች። ውሃው ከነአበባው ሣሩ ላይ ፈሰሰ፤ ገንዳው ከእሷ ወጥ ቤት ቧንቧ እንደገና ተሞላ። ስድስቱ ሴቶች እንደገና ዞሩ፤ ሰባተኛዋ ራሷ አክስትየዋ ሆነች። ነፋስ ተነሥቶ ነበርና ልጅቷ ጥርሷ ይንገጫገጫል። ከእኔና ከእናቷ ሊያጸዷት ሁለተኛ አጠቧት፣ እኛም ቆመን አየን።

እኔና ኢቡ ልጅቷን እዚያው ትተን ተመለስን። ባቡሩ ላይ አጠገቤ ተቀምጣ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። እውነቱን ለመናገር እንድታመሰግነኝ እየጠበቅሁ ነበር። ላይደንን ካለፍን በኋላ ወደ መስኮቱ እንደዞረች ተናገረች።

“ለምን ተናገርሽ?”

“ዝም ልበል? ያልነበረ ባል ፈጥረሽ ስትድሪኝ?”

“ሰባተኛዋ ስትታመም አንቺን ያልኩት እኔ ነኝ። የእኔ እጅ ካልተፈቀደ እንደ እኔ ያለች ሴት እጅ ይንካት ብዬ ነው። እነሱ ሳያውቁ፣ እኔ እያወቅሁ። አንቺ የልብሽን ተናገርሽ፤ እኔ ልጄን በአንቺ እጅ እንኳ ሳላጥብ ቀረሁ።”

ይህን ስትለኝ በእሷም ተናደድኩ። “ዕድል የሚጋባ ከሆነ የእኔስ አይጋባም?” አልኳት።

“ያንቺ ባል በሕይወት አለ” አለችኝ። “እኔ ግን የእኔን ቀብሬያለሁ።”

ለካ ታምናለች። የባሏ እህት በለሰለሰ ድምፅዋ፣ ዘመዶቿ በዝምታቸው፣ ሴቶቹ ባሎቻቸውን ጠጋ በማለታቸው፣ ባሏን የገደለው የእሷ ጥላ እንደሆነ አሳምነዋታል። ይህን ሁሉ ዘመን ይዛው ኖራለች። ጓሮው ውስጥ ከሆነው ይልቅ ይኼ አቃጠለኝ። ሰው በሞላበት ባቡር እጇን ይዤ “አንቺ አልገደልሽውም፤ በሽታ ነው የገደለው። ሰማሽ? በሽታ ነው!” አልኳት። ፊት ለፊታችን የተቀመጠው ሰው ቀና ብሎ አየን፤ ይየን። ኢቡ እጇን አልቀማችኝም። ሄግ እስክንደርስ አለቀሰች።

ወደ ማታ በሬ ተንኳኳ። ሙሽራዋ ናት፤ አክስቷ እደሪ ብትላትም የሠርግ ልብሴ ማማ ጋ ነው ብላ መጥታ ኖሯል። ፀጉሯ ውሃ ያንጠባጥባል፤ ውሃው ደረጃው ላይ ይወርዳል። በባዶ እግሯ ናት።

“ታንተ” አለችኝ፤ በሆላንድኛ አክስቴ ማለት ነው። “ማማ አጠበችኝ። ሻወር ቤት ውስጥ፣ በጣሳ። መጀመሪያ እምቢ አለች። እየለመንኳት በሩ ላይ ቆምኩ፣ ከዚያ እሺ አለች። ሻምፑ ዓይኔ ውስጥ አስገባች፣ ልክ እንደ ድሮው።” ትስቃለች፣ ዓይኗ ግን ቀልቷል።

ላቅፋት ስል ወደ ኋላ ሸሸት አለችና ድምፅዋን ቀነሰች።

“ለአክስቴ እንዳትነግሪያት፣ እሺ? ለእጮኛዬ ቤተሰቦችም። ነገ አንድ ብርጭቆ ቢሰበር በማማ ነው የሚያሳብቡት። ከተጋባን በኋላም ቢሆን እንዳትነግሪ። ልጅ ቢታመምብኝ፣ እሱ ሥራ ቢያጣ… ገባሽ አይደል?”

ገብቶኛል። ወደፊት የሚደርስባትን ክፉ ነገር ሁሉ እናቷ ላይ እንዳይለጥፉባት ከወዲሁ እየተከላከለችላት ነው። እናት የገዛ ልጇን በገዛ ቤቷ ስላጠበች ሦስት ሴቶች ምስጢር ልንጠብቅ ነው።

“አልነግርም” አልኳት። በእርጥብ እግሯ ተሻግራ እናቷ ቤት ገባች፤ በራቸው ከውስጥ ሲቆለፍ ሰማሁ። እኔም በሬን ዘጋሁና፣ ትራስ አፌ ላይ አድርጌ ጮህኩ።