ሦስት ዙር በጣት

ባሌ ሠላሳ አንድ ዓመት የተማሪ ሰርቪስ ሲነዳ የኖረ ሰው ነው። ሰፈሩ «አባ ብሎን» ይለዋል፤ ብሎን የማይገኝበት ኪስ የለውም። ካለፈው ክረምት ወዲህ ግን ቀኝ እጁ ይንቀጠቀጣል። ሐኪሙ «መንዳት ይቅርብዎ» ቢለው በጄ አላለም፤ የሐኪሙን ወረቀት ደብቆ የዓመት ፈቃድ ወጣ። በዚህ መሀል ግቢ የቆመችው አሮጌ መኪናችን የካምቢዮ ዘይት ማፍሰስ ጀመረች።

«ቱቦዎቹን ራሴ ከቀየርኳቸው ሰኞ ሥራዬ ላይ ነኝ» አለኝ። «ካቃተኝ ሰርቪሱን አስረክባለሁ።»

ልጆች ይጭናል እኮ። እኔ ሞኟ ግን «እሺ» አልኩት። ሰው በክርክርም ይደክማል።

ቱቦዎቹ ሁለት ናቸው፤ አንዱ የጋለውን ዘይት ከካምቢዮ ወደ ራዲያተር ይወስዳል፣ ሌላው የበረደውን ይመልሳል። አሮጌዎቹን ለማውጣት ብቻ ግማሽ ቀን ፈጀ። ዝገቱ አሳሩን አበላው። እኔም መኪናዋ ሥር ከጎኑ ካርቶን ላይ ተጋድሜ የእጅ ባትሪ ሳበራለት ወገቤ ተቆረጠ፣ ዘይቱም በአንገቴ ገባ።

«በስተርጅና ሽርሽር ወሰድከኝ» አልኩት። አልሳቀም።

ጉዱ አዲሶቹን ማሰር ላይ ነው። የቱቦው ማሰሪያ ዳዶ ሦስት ዙር በጣት ሳይገባ መፍቻ አይነካውም፤ አለዚያ ጥርሱ ይበላል። ይሄ የባሌ ሕግ ነው፣ ስንቱን ረዳት ተቆጥቶበታል። ጀመረ፣ ሳተ። ደግሞ ጀመረ፣ ሳተ። የቱቦው ጫፍ ራዲያተሩን እየነካ ቀጭ ቀጭ ይላል። ከሰባት በኋላ መቁጠሬን ተውኩ። በመጨረሻ ባትሪውን ደረቴ ላይ አስቀምጬ እጁን ደገፍኩት። ጣቶቼ ከጣቶቹ ሥር ገቡና ዳዶው ያዘ። አንድ ዙር፣ ሁለት፣ ሦስት።

«ገባልኝ» አለ። ፊቱ እንዲህ ሲፈታ ካየሁ ስንት ጊዜዬ። «አየሽ አይደል? ገባልኝ።»

አንጀቴን በላው። አዎ ብለው ምን ነበረበት? ደክሞኛል፤ ገብቼ ልታጠብና ጋደም ልበል እንጂ ሌላ ምኞት የለኝም። ግን ሰኞ ጠዋት በር ላይ ቆመው የሚጠብቁት የሰው ልጆች ናቸው።

«እኔ ነኝ ያስገባሁት» አልኩት።

ከካምቢዮው የተረፈው ዘይት ጠብ ጠብ ይላል። ፊቱን ወደ ጎማው አዞረና መፍቻውን አቀበለኝ።

«እንግዲያው አንቺው አጥብቂው።»