ባለ ቢጫ ቀለበቷ እንግዳ

የመጀመሪያው የሥራ ቀኔ ኢዲዶ በሚባል የቡና መንደር፣ በገበሬው በጋሼ በራሶ ማሳ ውስጥ ነበር። የተቀጠርኩት ወፍ ለሚያጠኑ ሰዎች መረብ ዘርጊ ሆኜ ነው። መረቡ እንደ ፀጉር ቀጭን ነው፤ በእንሰቱና በቡናው መካከል ይወጠራል። ከእኔ በላይ መዛኝ አለ፤ ከመዛኙ በላይ በወፎቹ እግር መለያ የሚያስር ቀለበት አሳሪ።

ቀለበት አሳሪው ታደለ አንዲት አረንጓዴማ ወፍ ከመረቡ ፈታና ለመዛኙ «ቶሎ በል፣ ቀለበት ላስርላት ነው» አለው።

ከእንሰቱ ጀርባ የጋሼ በራሶ ድምፅ መጣ። «ገና ዛሬ ለመጣች ልጅ? ሽማግሌ እንኳ ሳትልክ?»

ታደለ ደነገጠ፤ ወፏ ከእጁ አመለጠች። ኋላ እኔን ለማግባት ሽማግሌ ሲልክ ከሽማግሌዎቹ አንዱ ጋሼ በራሶ ሆኑ።

ያን ዓይነቷን ወፍ «እንግዳዋ» እንላታለን። ክረምቱ ሲወጣ ከአውሮፓ ትመጣለች፤ በልግ ሲገባ ትሄዳለች። ክብደቷ ከአንድ ጭብጥ እሸት ቡና ያንሳል። ከጥላ ዛፍ ጫፍ ትል እየለቀመች ትውላለች፤ አንድ ቦታ አትረጋም። በየዓመቱ የምትመለሰው ወደዚያው ዛፍ ነው። በጋሼ በራሶ ዋንዛ ሥር ለተያዙት ታደለ ቢጫ ቀለበት ያስርላቸው ነበር።

ታደለ ባለፈው ክረምት አረፈ።

ብዙም ሳይቆይ ጋሼ በራሶ ቤቴ መጡ። «ልጄ፣ ዋንዛውን ለጣውላ ልቆርጠው ነው። ቅር እንዳይልሽ።»

«ታደለ ቀለበት ያሰረላት እንግዳ እስክትመጣ ይታገሡኝ።»

«ካልመጣችስ?»

«መጋዙን እኔው ይዤ እመጣለሁ።»

ክረምቱ ወጣ። የሩቅ ማያ መነጽሬን ይዤ ዋንዛው ሥር ቆምኩ፤ እሳቸውም አጠገቤ። እንግዳዋ መጥታለች፤ ግን እግሯን ማን ያሳየኝ።

«ምን አየሽ?»

«ሆዷን።»

«ሆድማ የእኔም ዶሮ አላት።»

ድንገት ትል ልትለቅም ከቅጠል ሥር ተንጠለጠለች። እግሯ ላይ ቢጫ። የጋሼ በራሶን ክንድ ይዤ፣ በጥቁር ልብሴ፣ እንደ ልጅ ዘለልኩ። ሳቄን ማቆም አቃተኝ፤ ከሐዘኑ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ የሳቅኩት ያን ቀን ነው።

መነጽሩን ሰጠኋቸው። ቅጠል ብቻ አዩ።

«ቀለበት አላት አልሽ?»

«አላት።»

«ታደለ ያሰረላት?»

«እሱ ነው።»

መነጽሩን መለሱልኝ። «እንግዲህ የባለትዳር ቤት አላፈርስም። ጣውላውን ከባሕር ዛፍ አወጣዋለሁ።»

ለአዲስ መረብ ዘርጊዎች የምላችሁ ይህን ነው፦ መረቡን ከመዘርጋታችሁ በፊት ከዛፉ ባለቤት ጋር ተዋወቁ።