ለድስት ክዳን ያልዞረችው ልጅ

ፓክ ዊናርዲ የሩዝ ተባይ ተመራማሪ ነው። ኢንዶኔዥያ፣ ዮግያካርታ ውስጥ፣ እኔ «ፓክ» እሱ «ቡ»፣ ማለትም አቶና እትዬ እየተባባልን፣ አንድ ግድግዳ ተጋርተን ስንኖር አሥራ ስምንት ዓመታችን ነው፤ በዚህ ሁሉ ጊዜ ሲጮኽ የሰማሁት አንድ ቀን፣ ያውም እባብ አይቶ ነው። ዕድሜውን ነፍሳት ሲያይ የኖረ ስለሆነ አንድ ሕግ አለው፦ የሚያዩትን ነገር አለመንካት፣ አለመረበሽ፣ ትንፋሽ ውጦ መመዝገብ። ለፌንጣ ይሠራ ይሆናል። ሕጉን ይዞ ቤቱ ሲገባ ነው ነገር የተበላሸው።

ሚስቱ ሬትኖ ሁለት ጊዜ አርግዛ ያጣች ሴት ናት። በሦስተኛው ሴካር ስትወለድ ሰፈሩ በሙሉ አለቀሰ፤ ዊናርዲ ግን ሄዶ ደብተር ገዛ። ከዚያ በኋላ ከአልጋው ራቅ ብሎ፣ እርሳሱን ይዞ፣ ጭጭ ብሎ መቀመጥ ሆነ ሥራው። ደብተሩን በኩራት ያሳየኛል። «በሃያ ስድስተኛው ቀን የሕፃኗ ቡጢ አፏ ገባ፤ በአጋጣሚ ይመስላል።» «በአርባ አራተኛው ቀን ፈገግታ፤ መጀመሪያ ለእናቷ፣ ቀጥሎ ግድግዳ ላይ ላለች እንሽላሊት።»

«ላንተስ?» አልኩት።

«እኔ ተመልካች ነኝ፣ ቡ ዳርሚ» አለኝ፤ አለማፈሩ!

ሴካር አራት ወር ሊሞላት ጥቂት ቀን ሲቀራት መስማቷን ሊፈትን ተነሣ። ሬትኖ ልጅቷን ጭኗ ላይ ትይዛለች፣ እሱ ከኋላ የድስት ክዳን በማንኪያ ይቀጠቅጣል። የእኔ ድመት ከጣሪያ ዘላ ጠፋች። ሴካር ግን ጆሮ ዳባ ልበስ! ዓይኗን እንኳ አላርገበገበችም። በማግስቱም ደገመው፤ ያው ነው። ሐኪም ቤት ለሐሙስ ተቀጠሩ።

ሐሙስ ጠዋት ለሬትኖ ሾርባ ይዤ ብገባ ቤቱ ለቅሶ ቤት መስሏል።

«በእኔ ነው» ትላለች ሬትኖ፤ ዓይኗ አብጧል። «እርጉዝ ሳለሁ ትኩሳት ይዞኝ ነበር።»

«የማንም ጥፋት አይደለም» አለ ዊናርዲ። «ሰባት ጊዜ መታሁ፣ ሰባቱንም ጊዜ ምንም።»

እናቱ ምባህ ካስሚ ጥግ ይዘው ጨርቅ ያጥፋሉ። ድንገት ጨርቁን አስቀመጡት።

«አንድ ነገር ልናገር። እንዳትስቁብኝ።»

«እማዬ፣ ሰዓት የለንም።»

«ቶሌ፣ ተቀመጥ!» አሉ፤ በልጅነቱ እንዲያ ነበር የሚጠሩት። ተቀመጠ። «ሕፃን ሲወለድ ደንጋጣ እንዳይሆን አልጋው ሦስቴ ይመታል አይደል? አንተ ስትወለድ አባትህ ረሳ። ይኸው አርባ ዓመትህ፣ በር በተንኳኳ ቁጥር ትዘላለህ። የልጅ ልጄ እንዳንተ እንዳትሆን ብዬ...»

«መታሽላት?»

«አንተ ሥራ ስትሄድ፣ ሬትኖም ገላዋን ስትታጠብ። መጀመሪያ በእጄ፣ ኋላ በዘነዘና።»

ሁላችንም የምናደርገው ነገር ነው፤ ግን ልጁ በተወለደበት ቀን ብቻ!

«ስንት ቀን?» አለ ዊናርዲ።

«በየቀኑ። እሑድንም ጨምሮ።»

ሰውዬው ይቆጣል ስል ወንበሩን አስጠጋ። «በመጀመሪያ ትደነግጥ ነበር?»

«ውይ፣ እንደ ዓሣ ነበር የምትፈናጠረው! አሁንማ ዞር ብላም አታየኝ።»

ዊናርዲ ፊቱን በእጁ ሸፈነ። «እንግዲያው ወይ ለምዳዋለች፣ ወይ አትሰማም። በክዳን አይለይም። የማታውቀው ድምፅ ያስፈልጋል፣ ለስለስ ያለ።»

«ጥራታ!» አልኩት።

«ማን ብዬ?»

«ስሟ ጠፋህ እንዴ፣ አንተ ሰው?»

ደብተሩን ገለጥ ገለጥ አደረገ። በየገጹ «ሕፃኗ» ነው የሚለው። መቶ አሥራ ስምንት ቀን ሙሉ፣ ምርመራው እንዳይበላሽ ብሎ፣ ለገዛ ልጁ አንዲት ቃል ተናግሮ አያውቅም።

«ድምፄን አታውቀውም» አለ። እንደዚያ ሲከፋው አይቼ አላውቅም፤ አንጀቴን በላው።

ሬትኖ ልጅቷን ወደ ግቢው አዙራ ያዘቻት። ከኋላቸው ቆመ።

«ሴካር» አለ። ምንም የለም። ሬትኖ ዓይኗን ጨፈነች።

«ሴካር።» ወደ አፏ የምትወስደው ቡጢ መንገድ ላይ ቆመ።

«ሴካርዬ፣ እኔ ነኝ... አባትሽ።»

ያ ገና ያልጠና አንገት ቀስ እያለ ዞረ። ፈልጋ አገኘችው። ደህና አድርጋ ካየችው በኋላ በዚያ ድዷ ሁሉ ሳቀችለት። ሬትኖ እዚያው ለቅሶዋን ለቀቀችው፤ እኔም ሾርባውን ደፋሁት።

እሱማ አልጠግብ አለ። ከግራ ጠራት፣ ዞረች። ከቀኝ ጠራት፣ ዞረች። በስድስተኛው ግን ዶሮዎቹን ማየት መረጠች።

«በቃህ ቶሌ!» አሉ ምባህ ካስሚ። «ዘነዘናዬን እንደ ለመደችው አንተንም ትለምድሃለች። ይልቅ እቀፋት!»

«ራሷን በየትኛው እጅ ነው የምደግፈው?» አለ።

ቀጠሮው አልተሰረዘም፤ ለማንኛውም ብለው ሄዱ። ደብተሩ ጠረጴዛው ላይ ቀረ። ሬትኖ ጃንጥላውን ይዛ ከፊት፣ እሱ ልጁን ታቅፎ ከኋላ። እስከ መንገዱ ጫፍ ድምፁ ይሰማኝ ነበር፦ «ይኼ ሙዝ ነው፣ ሴካር። ያ ብስክሌት ነው። ይቺ ከፊታችን የምትሄደው ደግሞ እናትሽ ናት...»