የቡሬ ጭድ

ከወረታ ወደ ጣና ወረድ ብሎ፣ ክረምት ክረምት ውሃ ከሚተኛበት ሜዳ ዳር፣ ጸሐይነሽ የምትባል ጎረቤት አለችኝ። ባሏ ከሞተ ስድስት ዓመት ሆኖታል። ያላት ሁለት ጥማድ የሩዝ መሬትና ቡሬ የሚባል አንድ በሬ ነው። በእኛ አገር አንድ በሬ ብቻ ያለው ሰው ከብጤው ጋር ይቀናጅና መሬታቸውን ተራ በተራ ያርሳሉ። የእሷ መቀናጆ ማረው ነው። ቡሬ ከተኛ መሬቷም ጦም አደረ ማለት ነው።

ኑሮዋን የምትደጉመው ከሰል እየሠራች ነው። የእንጨት ከሰል እንዳይመስላችሁ፤ እንጨትማ ከሜዳችን ከጠፋ ቆየ። ሩዝ ሲፈተግ የሚወጣውን ገለፈት ከወፍጮ ቤት ተሸክማ ታመጣለች፣ አፍና ታከስለዋለች፣ በጭቃ ለውሳ ታድቦለቡለውና ወረታ ወስዳ ትሸጠዋለች። ሥራውን ያሠለጠኗት ሰዎች ገለፈቱን «ተረፈ ምርት» ነበር የሚሉት። ደጎች ናቸው፣ ግን ይህ አነጋገራቸው ያበሳጨኛል። እዚህ እኛ ፎገራ ላይ ምን ተርፎ ያውቃል? ጭዱን ከብት ይበላዋል፤ ከብቱ የጣለውን እኛ እናነደዋለን።

አምና ጡብ አቃጣዮች ገለፈቱን በመኪና ማጋዝ ጀመሩና ለእሷ የሚደርሳት ጠፋ። የቸገረው እርጉዝ ያገባል፤ የጭድ ክምሯን ግማሽ አከሰለችው። ሞኝ ሆና አይደለም። ሁልጊዜ ውሃው ሲሸሽ ሜዳው ይለመልማል፣ ቡሬም እዚያ ይግጣል ብላ ነው። ዘንድሮ ግን ውሃው ገና ከመሸሹ ሰዉ ሜዳውን አርሶ ጓያ ዘራበት። እኔም ዘርቻለሁ፣ ምን ይደበቃል።

በሚያዝያ ክምሩ አለቀ። በግንቦት ማረው ቀንበሩን ተሸክሞ ሲመጣ ቡሬ መነሣት አቃተው። እኔና ማረው ጭራውን ይዘን፣ ከሆዱ ሥር አጣና አስገብተን አነሣነው። ቆሞ ተንቀጠቀጠና ተመልሶ ወደቀ።

«እቴ ጸሐይነሽ፣ ነፍሱ ሳትወጣ ይታረድ» አላት ማረው። «በክት ከሆነ ሥጋውንም የሚነካው የለ። ለቅርጫ ሰው እጠራልሻለሁ።»

«መሬቴንስ ማን ያርስልኛል?»

ማረው አቀረቀረ። «እኔም ዝናቡ ሳያመልጠኝ ሌላ መቀናጆ ልፈልግ ነው። ልጆች አሉኝ።»

«አንድ ቀን ብቻ ታገሠኝ፣ በእመቤቴ። ከበላ ይነሣል።»

«ምን አለና ይበላል?»

መሰላል አስደግፋ ወጣችና የቤቷን ክዳን ሣር እየነቀለች ወደ ታች መጣል ጀመረች። በጉና ተራራ በኩል ሰማዩ ጠቁሯል። ማረው አንድ እፍኝ አንሥቶ ወደ ቡሬ አፍ አስጠጋ። የስንት ዓመት ጭስ የጠጣ ሣር ነው፤ በሬው አሸተተውና ፊቱን አዞረ።

«በላልኝ?» አለች ከላይ ሆና።

ማረው አየኝ።

«እየበላ ነው» አልኳት። መንቀሏን ቀጠለች።